ራስ የሌለው የቆላ ፍየል

አዋጅ! ከሊማሊሞ አፋፍ በላይ ያለህ ደገኛ፣ ከአፋፉ በታች ያለህ ቆለኛ፣ በደባርቅ አስፋልት ዳር ጋቢህን ተከናንበህ አላፊ መኪና የምትቆጥር ሥራ ፈት ሁሉ፣ ጆሮህን ወዲህ በል! ቁመቱ ከበር መቀርቀሪያ የማያልፍ፣ ከነጋቢው ቢመዘን አንድ ሙክት የማያህል፣ ሆኖም ስንቱን ቀንዳም በሬ ያንበረከከው አቶ ሰጠኝ ከእንግዲህ ወዲያ ሰንጋ እንዳይጥል፣ ሙክት እንዳይገፍፍ፣ ዶሮ እንኳ ብትሆን አንገቷን እንዳይዳብስ ተወስኗል። ውሳኔውን የሰጠ ዳኛ የለም። የፈረመ ሹም የለም። የወሰነው የደባርቅ ሆድ ነው፤ የደባርቅ ሆድ ደግሞ ይግባኝ የሚባል ነገር አያውቅም።

ይህ ከባድ ፍርድ በዚህ ትንሽ ሰው ላይ እንዴት እንደ ወረደ ከመነሻው መስማት ይሻላል።

ሰጠኝ አራጅ ነበር። ደባርቅ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ ሲገባ መጀመሪያ የሚላክበት እሱ ነው። ካራውን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦ፣ ሞረዱን በቀበቶው ሰክቶ ሲወጣ፣ ጦር የሚያዘምት ጄኔራል እንጂ የሰው በሬ ሊያርድ የሚሄድ አይመስልም። በሬው ግን አይቶ ይንቀዋል። «ይቺ ናት የምትጥለኝ?» በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች ያየዋል፤ ለማየትም ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ የበሬው ሐሳብ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ይቋረጣል።

ሰው ሁሉ ስለ ሰጠኝ «እጁ ንጹሕ ነው» ይላል። ይህ ማለት ሳሙና ይወዳል ማለት አይደለም። ሰጠኝ ከብቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል፣ ካራውን አንገቱ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብሎ ሳይቆራርጥ፣ ሳይቸኩል፣ ቃል በቃል ይጨርሳል። ሌሎቹ አራጆች «በስመ አብ» ይሉና የቀረውን ለበሬው ይተዉለታል። ያለዚህ ቃል የሞተ ደግሞ በክት ነው። ገደል የገባ በክት ነው፤ ጅብ የጣለው በክት ነው፤ ታንቆ የሞተ በክት ነው። የደባርቅ ሰው ብዙ ነገር ይበላል፤ የጎረቤቱን ድንበር ይበላል፣ የእድሩን ገንዘብ ይበላል፣ ቃሉን ይበላል። በክት ግን አይበላም! ለዚህ ነው እንግዲህ አንድ ሰው በከተማው ሁሉ ፊት «እጁ ንጹሕ ነው» ሲባል ትልቅ ነገር የሚሆነው።

ሰጠኝ ሌላ ሀብት አልነበረውም። ይኸው ስሙ፣ ሚስቱ በለጠች፣ አንድ ሴት ልጁ ፍቅርአዲስ፣ ከቤቱ ጓሮ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ የሚሉት ሰንጋ። ፍቅርአዲስ ዳባት ለሚያስተምር ሐብታሙ ለሚባል መምህር ታጭታለች፤ ሠርጉ ከጥምቀት ማግስት ነው። ሰጠኝ ማታ ማታ ቦራን እያሻሸ «የሰው ልጅ ስድር ኖሬያለሁ፣ የኔዋን ዕለት አንተን በገዛ እጄ እጥልሃለሁ» ይለዋል። ቦራ ያመሰኳል። በዚህ ዓለም ላይ ሰጠኝ የሚመኘው ይህችን አንዲት ጧት ብቻ ነበር፤ ዘመድ ከዳባትም ከአምባራስም ተሰብስቦ፣ እሱ በመሐል ቆሞ፣ ካራው በእጁ።

አሁን እንዳለው ይምጣ። እንዳለው ባጃጅ አለው። የባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም «ሰው አትመን» ብሎ አጽፏል፤ ተሳፋሪውን ከራሱ ሲያስጠነቅቅ መሆኑ ነው። ይህ ሰው ያረጀ የፍሪሲዮን ሽቦ አይጥልም። ከየጋራዡ ይለቅምና በሊማሊሞ አፋፍ ሥር፣ ሰሱና ድኩላው ውኃ ሊጠጣ በሚወርድበት ቀጭን መንገድ ላይ፣ ሸምቀቆ ሠርቶ በአስታ ግንድ ያስረዋል። ጠመንጃ ይጮኻል፤ የጮኸ ነገር ደግሞ የፓርክ ጠባቂ ይጠራል። ሽቦ ግን ዝም ነው። አይራብም፣ አይተኛም፣ ወንድ ሴት፣ እርጉዝ ግልገል ብሎ አይመርጥም።

ችግሩ ሌላ ነው። እንዳለው ተሳፋሪውን አራግፎ፣ ነዳጅ ወረፋ ጠብቆ፣ ጫቱን ጨርሶ እስኪደርስ ሽቦው ሥራውን ጨርሶ ይቆያል። የመጀመሪያውን ድኩላ ተሸክሞ ጥብስ ቤት ለምታስተዳድረው ለዘቢደር ሲያቀርብ፣ ዘቢደር ሥጋውን አየች፣ አሸተተች፣ «ሥጋስ ሸጋ ነው። በስመ አብ ተብሎበታል?» አለችው።

እንዳለው የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ ማሽከርከር ጀመረ።

«ውሰድልኝ ወዲያ! እኔ ክርስቲያን ነው የማበላው!»

ልብ ይሏል፤ ድኩላው ከየት መጣ፣ በማን ፈቃድ፣ እንዴት ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ይህ ለዘቢደር የፖለቲካ ጥያቄ ነው።

እንዳለው በማግስቱ ሰጠኝ ደጅ ባጃጁን አቆመ።

«አያ ሰጠኝ፣ እጅህን ለአንድ ቅዳሜ አውሰኝ።»

«እጄ ብቻውን አይሄድም፤ እኔን አስከትሎ ነው።»

«አንተንም እጭንሃለሁ። ምን ታህላለህና! ሁለት ተሳፋሪ ባለበት መሐል ትሰካለህ።»

«ምን ሊታረድ ነው?»

«ፍየል።»

«የማን ፍየል?»

«የእግዜር።»

ሰጠኝ ገባው። የማይገባው ሰው አልነበረም። «ተወኝ አቦ፣ እኔ ጥር ላይ ልጅ እድራለሁ» አለና ሊገባ ዞረ።

«እኮ! ሙሽሪት ከቤት ወጥታ ዳባት ድረስ በምን ልትሄድ ነው? በበቅሎ? ባጃጄን በሪባን አሸብርቄ፣ ጡሩምባውን እያስጮህኩ ነዋ የማጅባት! መምህሩ ሲያይ ምን ይላል? ‹የማን ልጅ ነው ያገባሁት!› ነዋ የሚለው።»

ሰጠኝ የበሩን መቃን እንደ ያዘ ቆመ። እንዳለው ይህን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻውን ጣለበት፤ «ደግሞ ካንተ እጅ በቀር የዚህ አገር ሰው ማንን ያምናል?»

ትንሽ ሰው በሙገሳ ነው የሚጠለፈው። ሽቦ አያስፈልገውም።

ቅዳሜ ወረዱ። ሸምቀቆው ውስጥ አንድ ሰስ ነበር፤ ያ በገደል ግንባር ላይ እንደ ኳስ የሚነጥር ቀላል ፍጥረት፣ ሽቦው አንገቱ ውስጥ ሰጥሞ፣ ምላሱ በጎን ወጥቶ፣ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ። ከበታቹ ያለው መሬት በሰኮናው ተጭሮ ተጭሮ ጎድጉዷል።

«ይኼ እኮ ሞቷል» አለ ሰጠኝ።

«ደክሞት ነው።»

«ዝንብ ወሮታል እኮ እንዳለው!»

«ዝንብ አንተንም ይወርሃል፤ ሞተሃል? በል ወደ ምሥራቅ አዙረው።»

ሰጠኝ ወደ ምሥራቅ አዞረው። ካራውን አሳረፈ። «በስመ አብ» ብሎ ጀመረና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቸኮለ፤ መንፈስ ቅዱስ ጋ ሲደርስ ቃሉን ዋጠው። ካራው አለፈ። ደም አልመጣም። ጠበቁ። አንድ ጥቁር ነገር ጠብ አለችና ቆመች።

«ደሙ ዓይን አፋር ነው» አለ እንዳለው።

ሰጠኝ ሣቀ። ያን ዕለት መሣቁ ነው የጎዳው።

በዚያ መኸር ደባርቅ ውስጥ «የቆላ ፍየል» የሚባል ምግብ ተወለደ። ከአዲ አርቃይ በኩል ይመጣል ተባለ። ድንቅ ፍየል ነው! በእግሩ ሲመጣ ያየው የለም፤ ሲጮኽ የሰማው የለም፤ ራስ የለውም፣ ቀንድ የለውም፣ ቆዳው አይታይም። ብልቱ ተለያይቶ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በባጃጅ ተሳፍሮ ይመጣል። ጠያቂ ሲመጣ ዘቢደር «ሰጠኝ ነው ያረደው» ትላለች፤ ነገር ያልቃል። አንድ የከተማው ነዋሪ ጥርሱን እየፋቀ «የቆላ ቅጠል የበላ ፍየል ሥጋው ልዩ ነው» ሲል ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላወቀም። የደባርቅ ሰው ሲፈልግ በዚህ ጥበብ የሚስተካከለው የለም።

ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ከሩቅ የመጣ አንድ ድርጅት ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሥልጠና ሰጠ። ባነር ተሰቀለ፣ ካናቴራ ታደለ፣ የዋልያ ሥዕል ያለበት። ከጧት እስከ ምሳ «ብርቅዬ» የሚለው ቃል አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ሠልጣኙም አሠልጣኙም ካናቴራውን እንደ ለበሰ ዘቢደር ቤት ወረደና የቆላ ፍየል አዘዘ። ዋልያው ከደረታቸው ላይ ሆኖ ወደ ሳህኑ ያያል። አሠልጣኙ አጥንት ይዞ «ይኼስ እውነትም ብርቅዬ ነው» አለ። በዚያች ቀን እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተራ ሰጠኝ ላይ ወደቀ። እንዳለው ለጽዋው አንድ ሙሉ «ፍየል» አመጣለት፤ ስጦታ ነው። ጥብሱ ቀረበ፤ የሰጠኝ የንስሐ አባት ቄስ ልደቱ ባረኩና በሉ፤ ጥሟቸው ደገሙ። ማኅበርተኛው ሁሉ በላ። ሰጠኝ ብቻ «ሆዴን ቆርጦኛል» ብሎ ሽሮ ቀመሰ።

እንግዳው ተሸኝቶ በለጠች ድስት ስታጥብ ቆየችና ድንገት ቀና አለች።

«አንተ ሰጠኝ።»

«ወይ።»

«ራሱ የት አለ?»

«የምኑ ራስ?»

«የፍየሉ ነዋ! የአራጅ ሚስት ነኝ፤ ከታረደ ሁሉ ራስና እግር ወደ ቤቴ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ይኼ የቆላ ፍየል ሲመጣ ግን ራስ የለ፣ እግር የለ። ቆላ ያለ ፍየል ያለ ራስ ነው የሚግጠው?»

«እንዳለው ይወስደዋል።»

«እንዳለው ላጤ ነው። ላጤ ራስ ቀቅሎ ሊበላ! እኔን አታሞኘኝ።»

ሰጠኝ ቦራን ሊያይ ወጣ። ቦራ ራሱን ከነቀንዱ አዙሮ አየው። ሰጠኝ ያን ምሽት የሰንጋ ራስ እንኳ ፊት ለፊት ማየት ከበደው።

ከሚካኤል ቀጥሎ የነቢያት ጾም ገባ። ዘቢደር ጥብሱን ትታ ሽሮ ሠራች። ሰጠኝ ካራውን ሰቀለ። ክርስቲያኑ ሁሉ ጾመ፤ ወጥመዱ ግን አልጾመም። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሥጋውን ሳይፈልገው፣ እንዳለው ሊነቅለው ስለ ሰነፈ ብቻ፣ በሊማሊሞ ሥር አፉን ከፍቶ ቀረ። የገባ ገባ፤ የገባውም እዚያው በሰበሰ።

እንግዲህ የእንዳለው ባጃጅ የፍሪሲዮን ሽቦ በጾሙ መሐል ባይበጠስ ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልተጻፈ። ተበጠሰ። ደባርቅ ውስጥ ሽቦ ጠፋ። የከተማውን ሽቦ ማን ሲለቅመው ከረመና! እንዳለው ጭንቅላቱን አከከና ትዝ አለው፤ ከወጥመዶቹ መሐል አንዱ ገና አዲስ ሽቦ ነው። ብቻውን መውረድ ፈራ መሰለኝ፣ ሰጠኝን «ና እስቲ ፒንሳ ያዝልኝ» ብሎ አስከተለው።

ሽቦው ባዶ አልነበረም።

እንስት ዋልያ ናት። አንገቷን አይደለም የያዛት፤ የፊት እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ። ሽቦው ሥጋውን አልፎ አጥንት ላይ ተቀምጧል፤ እግሯ ከዚያ በታች አብጦ ጠቁሯል፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ሽቦው እስከ ደረሰላት ድረስ ያለውን ሣር ከነሥሩ ግጣዋለች፤ የአስታውን ልጥ ላጥ አድርጋ በልታዋለች። ግንዱን ስትዞር ስትዞር መሬቱን አስተካክላ፣ ደልድላ፣ ልክ እህል እንደሚወቃበት አውድማ አድርጋዋለች። በዚያ አውድማ መሐል ቆማለች። ሲቀርቧት ልትሮጥ ተነሣች፤ ሽቦው መለሳት፤ ወደቀች፤ ደግማ ቆመች። አልጮኸችም። አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ እፍ አለችና ሰጠኝን ማየት ጀመረች።

«ዓይንህ አያምንም አያ ሰጠኝ!» አለ እንዳለው እየዘለለ። «በሕይወት አለች እኮ! ይቺማ የወግ ናት፤ ዛሬ እውነተኛ ሥራህን ትሠራለህ። ቋንጣ አድርገን ለገና እናቆያታለን። በል ወደ ምሥራቅ!»

ሰጠኝ ካራውን አወጣ። ቀንዷን ያዘ፤ ወደ ምሥራቅ አዞራት። በእጁ ሥር የደም ሥሯ ሲመታ ተሰማው። ሲፈራ የኖረው የሞተ ማረድ ነበር፤ ይኸው ያልሞተች። አፉን ከፈተ።

ቃሉ አልወጣም።

«በል እንጂ!»

«ይቺን ካልኩባት…» አለ ሰጠኝ።

«እ?»

«ይቺን በስመ አብ ብዬ ካረድኩ፣ እነዚያን ምን ስላቸው ነበር?»

«አሁን የመጽሐፍ ጥያቄ ነው? እረድ!»

ሰጠኝ ካራውን ወደ ጨርቁ መለሰና ፒንሳውን አነሣ። ጉልበት የሚያንሰው ሰው ስለሆነ ሽቦውን ለመቁረጥ በሁለት እጁ ይዞ ደረቱን ተጫነበት፤ ሽቦው ጠጥ አለና ተበጠሰ። ዋልያዋ መጀመሪያ አላመነችም፤ ያንኑ አውድማዋን አንድ ዙር ዞረች። ከዚያ በሦስት እግሯ ገደሉን ያዘች። አራተኛው እግሯ ላይ ሥጋ ውስጥ የተቀበረው የሽቦ ቀለበት አብሯት ሄደ፤ እሱን ማውጣት ለማንም አልተቻለም።

«ሽቦዬን!» ብሎ ጮኸ እንዳለው። «መሐሉን ቆረጥከው እኮ! አዲስ ሽቦዬን! አሁን በምን ልነዳ ነው?»

«በእግርህ።»

እንዳለው ፊቱ ተለዋወጠ። «እሺ አያ ሰጠኝ። ጥር ላይ እንገናኝ። ዳሱ ሲሞላ፣ ዘመድህ ሁሉ ተሰብስቦ አንተ ካራህን ስትስል፣ እኔ መሐል ላይ ቆሜ የሚካኤል ዕለት ለቄሱ ምን እንዳበላህ እናገራለሁ። እጁ ንጹሕ!»

ሰጠኝ ወደ ቤቱ አልገባም፤ በቀጥታ ቄስ ልደቱ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ሞተው ያገኘኋቸውን አርጄያለሁ።»

ቄስ ልደቱ መስቀላቸው ሊወድቅባቸው ነበር። «ሰው?»

«የለም አባ! ሰስ፣ ድኩላ፤ በሽቦ ተይዘው።»

«ኤዲያ! አስደነገጥከኝ። አውሬ አይደለም እንዴ? እሱ ቀላል ነው፣ ስገድበትና…»

«ታንቀው ከሞቱ በኋላ ነው በስመ አብ ያልኩባቸው።»

«ማን በላቸው?»

ሰጠኝ አቀረቀረ።

«ማን በላቸው ነው የምልህ ልጄ?»

«አባ… የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጥብሱ ጥሞኛል ብለው ደግመው ነበር…»

ቄስ ልደቱ ቀስ ብለው ሆዳቸውን ያዙ።

«ሦስተኛውን ደግሞ በለጠች ናት በግድ ያጎረሰችዎ» አለ ሰጠኝ፤ ንስሐ ሙሉ መሆን አለበት።

«በክት!» አሉ ቄሱ። «እኔን? በክት?»

«ዛሬ ግን አንዲት ዋልያ ፈትቻለሁ አባ። እግሯ…»

«ዋልያዋን ተዋት ወዲያ! እኔ ስለ ሆዴ ነው የምጠይቅህ!»

ምሥጢረ ንስሐ የተጠበቀ ነው። ቄስ ልደቱ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገሩም። ብቻ ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ እየጠሩ «የሚካኤል ዕለት ጥብሱን በልተሃል? ምን ያህል?» ብለው ጠየቁ፤ ለሁሉም ስግደትና ጠበል አዘዙ። የተጠየቀው ሰው ደደብ አይደለም። አንዱ ከሌላው ጋር አስተያየ፣ ሌላው ዘቢደር ቤት የበላውን አስታወሰ፣ በገበያ ዕለት ደባርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቃል ብቻ ትናገር ነበር፦ በክት። ምራቅ የማይተፋ አልነበረም። «አቤት የኛ ጉድ! ለካ በክት ነው ስናመሰኳ የከረምነው!» ባነሩ ያላቆመውን፣ ካናቴራው ያላቆመውን፣ ጠባቂው ያላቆመውን ነገር ይህች ቃል በአንድ ሳምንት አቆመችው። ከገና በኋላ ዘቢደር ቤት የገባ ሰው ሁሉ «በእግሩ ይምጣ!» ማለት ጀመረ። ምስኪኗ ዘቢደር ፍየሉን በገመድ ይዛ በጠረጴዛ መሐል እያዞረች ለተመጋቢው ታሳያለች፤ ፍየሉ የአንዱን እንጀራ ነክሶ ያልፋል። የቆላ ፍየል ሞተ። እንዳለው ባጃጁን ሽጦ ወደ ጎንደር ወረደ፤ በጥር ሊናገረው ያሰበውን አገር አስቀድሞ ጨርሶበታል።

ድል ነው! እልል በሉ! ብቻ ማንም፣ ከዚያ ሁሉ ምራቅ ተፊ መሐል አንድ ሰው እንኳ፣ ያ በሽቦ ታንቆ መሬት ሲጭር የሞተው ሰስ እንዴት ሞተ ብሎ አልጠየቀም። የታዘነለት የደባርቅ ጨጓራ ነው።

ሰጠኝስ? ሰጠኝን የሚልክበት ጠፋ። በመንገድ ሲያልፍ እናቶች የቆሎ ሰፌዳቸውን ወደ ጎን ይሸሽጋሉ። ለልጁ ሠርግ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩና ከዳባት ስማቸው የሚባል ረጅም አራጅ አስመጡ። ሰጠኝ አልተከራከረም። በዚያች ሲመኛት በኖረች ጧት ዘመድ ከዳባትም ከአምባራስም ተሰበሰበ፤ ቦራ ተጎተተ፤ ካራው በሌላ ሰው እጅ አበራ። «ሰጠኝ የት ይቁም?» ተባለ። አንድ አጎት «ጅራት ይያዝ» አለ። ዳሱ በሣቅ ተናጋ።

ሰጠኝ ጅራት ያዘ።

ስማቸው ቦራን ጣለው፣ ካራውን አሳረፈ፣ «በስመ አብ» አለና ቀሪውን እንደ ደንቡ ለበሬው ተወለት። ያኔ ከወደ ኋላ፣ ከጅራቱ በኩል፣ ቀስ ያለች ድምፅ «ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ስትል የሰማት በለጠች ብቻ ናት። ሙሽሪት በባጃጅ አልሄደችም፤ መምህሩ የሰው ሚኒባስ ለምኖ ወሰዳት፤ በደስታ ሄደች። ለሷ ባጃጅ ምኗም አልነበረም።

ዛሬ ሰጠኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒንሳውን ይዞ ብቻውን በሊማሊሞ ይወርዳል። ወጥመድ ባለቤቱ ቢተወውም እሱ ሥራውን አይተውም፤ የት የት እንደ ተሰቀለ የሚያውቅ ደግሞ ከሰጠኝ በቀር የለም፤ እሱም ሁሉን አያውቅም። የነቀለውን ጠምጥሞ ካራው ይሰቀልበት በነበረው ችንካር ላይ ያንጠለጥለዋል። በለጠች አንዱን የልብስ ማስጫ አድርጋዋለች። አልፎ አልፎ ከአፋፉ ማዶ በሦስት እግሯ የምትሄድ ዋልያ ያያል። መጥታ እጁን አትልስም፤ ስታየው ትሸሻለች፤ ደግ ታደርጋለች። ፀሐይ ሲመታት እግሯ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ይላል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን በቀደም ከአዲ አርቃይ የመጣ ሹፌር ሲያወራ፣ ከሊማሊሞ በታች ድብ ባሕር ላይ አዲስ ምግብ ተጀምሯል፤ «የበረሃ በግ» ይባላል፤ ሥጋው ልዩ ነው፤ ብልቱ ተለያይቶ በከረጢት ነው የሚመጣው፤ ያረደውም እጁ ንጹሕ ነው ይባላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ትለመናለህ። በዚያ መንገድ ስታልፍ ይርብህ ይሆናል፤ ትቀመጣለህ፤ ጥብሱ እየተንጫጫ ይቀርብልሃል። ለዋልያ ካላዘንክ ለሆድህ ስትል፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወደ አፍህ ሳታስጠጋ አስተናጋጇን ጥራትና በለጠች የጠየቀችውን ጠይቅልን፦ «ራሱ የት አለ?» በላት። መልሷን ይዛ ከጓዳ እስክትመለስ ድረስ ግን እጅህን፣ እባክህ፣ እዚያው እንደ ተንጠለጠለ…